ድካምን ለማጥናት ለተነሣችሁ ወጣቶች

የተከበራችሁ ወጣት ሐኪሞችና ተመራማሪዎች፣

ሥር የሰደደ በሽታ የሚያመጣውን ድካም ለማጥናት መነሣታችሁን ስሰማ ደስ ብሎኛል፤ እኔ ራሴ በውስጥ ደዌ ክፍል ብዙ ዓመት «ድካም» ብዬ ካርድ ላይ እየጻፍሁ፣ የደም ማነስ ምርመራ አዝዤ ሌላ ታካሚ እጠራ ነበርና። ከዚህ ልማድ ያላቀቁኝ የኩላሊት እጥበት የሚከታተሉ አንዲት እናት ናቸው። ቀይ የደም ሕዋስ እንዲመረት በሚያግዘው በኤሪትሮፖይቲን መርፌ ሄሞግሎቢናቸው (የደም ማነስ የሚለካበት) ከፍ ማለቱን አይቼ «እማማ፣ እንግዲህ በረቱ አይደል?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ድካም ቢሆንማ ተኝቼ በወጣልኝ፤ ከእጥበት የመጣሁ ዕለት እኮ ጋቢዬን ማጠፍ ያቅተኛል» አሉኝ።

ስለዚህ መጠይቅ ወደ አማርኛ ከመመለሳችሁ በፊት ቃሉን ፈትሹት። ገበሬ ከእርሻ ሲመለስ «ደከመኝ» ይላል፤ አስታማሚ «በሽተኛው ደክሟል» ካለ ግን ዘመድ ይጠራ ማለቱ ነው። እንቅልፍ የሚጫጫነውም፣ ጡንቻው የዛለውም፣ በድባቴ ነገር ሁሉ ያስጠላውም በዚያው በአንድ ቃል ይገለገላሉ፤ መነሻቸው ግን ለየቅል ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመውና ዛሬም በሰፊው የሚሠራበት የድካም ክብደት መለኪያ 9 ዐረፍተ ነገሮች አሉት፤ ታካሚው ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይሰጣል። መጀመሪያ የተሞከረው በመልቲፕል ስክለሮሲስ (የአንጎልንና የሕብለ ሰረሰርን ነርቮች የሚጎዳ በሽታ) እና በሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት በሽታ) ታማሚዎች ላይ ሲሆን፣ ድካሙ ሥራንና የቤተሰብ ኑሮን እንደሚያውክ ይጠይቃል እንጂ በስንት ሰዓት እንደሚጀምር አይነግራችሁም።

መድኃኒት ስትሞክሩ ደግሞ ያለ ማነጻጸሪያ አትጀምሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ በታተመ የአሜሪካ ጥናት 141 የመልቲፕል ስክለሮሲስ ታማሚዎች አማንታዲን፣ ሞዳፊኒል፣ ሜቲልፌኒዴትና መድኃኒትነት የሌለው እንክብል በየተራ ወስደው ነበር፤ የድካም ነጥባቸው በአራቱም ቀነሰ፣ ሦስቱ መድኃኒቶች ግን ከባዶው እንክብል አልበለጡም፤ ይባስ ብሎም የጎንዮሽ ጉዳታቸው በዛ። ባዶው እንክብል ባይኖር ኖሮ (ብዙዎቻችን ከልምዳችን ብቻ ተነሥተን እንዳደረግነው) ሦስቱንም ፍቱን ናቸው ብለን እናዝዛቸው ነበር።

እኒያን እናት በሚቀጥለው ቀጠሮ የትኛው ቀን እንደሚከፋባቸው፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚዝሉ፣ ምን ሳይሠሩ እንደሚቀሩ ጠየቅኋቸውና እንደ ተናገሩት ጻፍሁ። ጽሑፉን ከእጥበት መዝገባቸው ጎን ሳስቀምጠው፣ ጋቢው ሳይታጠፍ ያደረባቸው ቀናት ከሰውነታቸው ብዙ ፈሳሽ በአንድ ጊዜ የወጣባቸው ቀናት ሆነው አገኘኋቸው።