«ሁሉም ኦል ኢን ሲል እኔ ምን ላድርግ?»

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ፍሪሮል ናቸው። ፍሪሮል ማለት መግቢያ የማይከፈልበት፣ ሽልማቱ ግን እውነተኛ ገንዘብ ወይም የሌላ ውድድር ቲኬት የሆነ የኦንላይን ፖከር ውድድር ነው። በሁሉም መልሶች ላይ የማወራው ስለተለመደው ኖ ሊሚት ሆልደም ነው። ሁለት ካርታ በእጅ፣ አምስት ካርታ መሀል ላይ ለሁሉም። ኦል ኢን ማለት ያለህን ቺፕ (የመጫወቻውን ነጥብ) በሙሉ በአንዴ መሀል ማስገባት ነው። ዕድሜያችሁ ለጨዋታው ካልደረሰ፣ ወይም የምትኖሩበት አገር ሕግ ከከለከለ ግን ይቅርባችሁ።

«ውድድሩ በተጀመረ በመጀመሪያው ደቂቃ አራት አምስት ሰው ኦል ኢን ይላል። እኔም አብሬ ገብቼ ቶሎ ቺፕ ባበዛ አይሻልም? ጠብቄ ጠብቄ እነሱ ክምር ይዘው ሲመጡብኝ ይደብራል።» — ትዕግሥቱ ያለቀበት

አይሻልም፣ ወንድሜ። ንዴትህ ግን ይገባኛል።

እነዚያ ሰዎች ምንም አልከፈሉም። ቢወጡ ሌላ ፍሪሮል ከፍተው ይቀመጣሉ። አንዳንዱም «ቶሎ ካልበዛልኝ ሦስት ሰዓት አልቀመጥም» ብሎ የቆረጠ ነው። አንተ ግን ጊዜህን ከፍለሃል። ተመዝግበህ፣ ሰዓቱን ጠብቀህ ገብተህ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ብትወጣ የጠበቅክበት ሁሉ ባከነ።

ቁጥሩን እንየው። ሲጀመር በእጅ ከሚመጣ ካርታ ከሁለት ኤስ የሚበልጥ የለም። ማንኛውንም ካርታ ከያዘ አንድ ሰው ጋር ኦል ኢን ብትል ከ100 ጊዜ 85ቱን ታሸንፋለህ። አራት ሰው ሲገባብህ ግን ወደ 56 ይወርዳል። ሁለት ኤስ ደግሞ በአማካይ ከ221 እጅ አንዴ ነው የሚመጣው። ኤስና ዘጠኝ ይዘህ እዚያ ግርግር ውስጥ ስትገባ፣ ከማሸነፍ ይልቅ የመውጣት ዕድልህ በጣም የሰፋ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሁለት ኤስ፣ ሁለት ኪንግ፣ ሁለት ኩዊን፣ ወይም ኤስ ከኪንግ ጋር ሲመጣልህ ግባ። ያኔ አትፍራ። ትናንሽ ጥንዶችን፣ ለምሳሌ ሁለት አምስት፣ በርካሽ ፍሎፑን፣ ማለትም መሀል ላይ መጀመሪያ የሚወርዱትን ሦስት ካርታዎች፣ ማየት ከቻልክ ብቻ ያዝ። ሦስተኛው አምስት ፍሎፑ ላይ የሚወርደው ከ8 ወይም ከ9 ጊዜ አንዴ ነው። ሲወርድ ግን እነዚህ ሰዎች ያላቸውን ሁሉ ይሰጡሃል። «ምልክታቸው አንድ ነው» ብለህ ተራ ካርታ አትያዝ። ፍሎፑ ላይ ፍላሽ (አምስት ካርታ በአንድ ምልክት) የሚሞላልህ ከ100 አንዴ እንኳ አይደለም።

ስታሳድግም በደንብ አሳድግ። ብላይንድ ማለት ካርታ ከመታየቱ በፊት ሁለት ሰዎች በየተራ በግዴታ የሚያስቀምጡት ቺፕ ነው፤ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ። የትልቁን ብላይንድ እጥፍ ብታደርገው ማንም አይወጣልህም። አራት ወይም አምስት እጥፍ አድርገው።

በቅርቡ የተቀመጥኩበት ጠረጴዛ ላይ ገና በመጀመሪያው እጅ አራት ሰው ኦል ኢን አለ። እኔ ኤስና ጃክ ነበረኝ፤ ጣልኩት። በዘጠኝና በአራት የገባው ሰው ሁለት ጥንድ ሞልቶለት ሦስቱንም ጠራርጎ በላ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ እሱው በኩዊንና በስድስት ኦል ኢን አለ። እኔ ሁለት ኪንግ ይዤ ነበር። ቺፔ እጥፍ ሆነ። ከእነዚያ ከሦስቱ የአንዱ ቺፕ ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ መጣ።

«ብለፍ ሳደርግ ሁሌ ይይዙኛል። ፊቴ አይታያቸው፣ ድምፄ አይሰማቸው። ምኔ ነው የሚያስነቃብኝ?» — ከስልኳ የማትለየው

እህቴ፣ ምንሽም አያስነቃብሽም። ብለፍ፣ ማለትም ደካማ ካርታ ይዞ ጠንካራ እንደያዙ ማስመሰል፣ የሚሠራው ሌላው ሰው «ምን ይዛ ይሆን?» ብሎ ሲያስብና ለቺፑ ሲሳሳ ነው። በፍሪሮል መጀመሪያ ላይ ያለው ሰው የሚያየው የራሱን ካርታ ብቻ ነው። ጥንድ ካለው ይከተላል። ጥንድ ከሌለውም «እስቲ ልየው» ብሎ ይከተላል።

ሁሉም የሚከተል ከሆነ፣ ጥሩ ካርታ ሲኖርሽ ማስከፈል ነው። ኤስና ኩዊን ይዘሻል እንበል። ፍሎፑ ኩዊን፣ ስምንት፣ ሦስት ሆኖ ወረደ። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ «እንዳላስፈራቸው» ብሎ ዝም ይላል። አንቺ ዝም አትበይ። መሀል ላይ ከተጠራቀመው ሁለት ሦስተኛውን ያህል አስቀምጪ። ስምንት የያዘው ሰው ይከተልሻል። አራተኛው ካርታ ሲወርድ እንደገና አስቀምጪ፤ አምስተኛውም ላይ እንደዚያው። ሲከተል ብቻ የቆየ ሰው በመጨረሻው ካርታ ላይ ድንገት በኃይል ካሳደገብሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይዞ ነው። ቢያምሽም ጣዪው።

ብለፉን ሽልማቱ እስኪቃረብ አቆዪው። ያኔ ሰዉ ለቺፑ መሳሳት ይጀምራል።

«ኤስ-ኤስ ይዤ በሁለትና በሰባት ተሸነፍኩ፤ ለሁለተኛ ጊዜ! ሲስተሙ ሆን ብሎ ነው እንዴ የሚያደርገው?» — የተበደልኩት

ሁለትና ሰባት ሁለት ኤስን ከ100 ጊዜ 12ቱን ያህል ያሸንፋል። ከስምንት አንዴ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ቢያጋጥምዎት የሚያስጠረጥር ነገር የለውም። ፍሪሮል ላይ ደግሞ ይበዛል፤ ሌላ ቦታ በሁለትና በሰባት ኦል ኢን የሚል ሰው ብዙ አይገኝም።

አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ደብተር ይያዙ። ከዛሬ ጀምሮ ያሉትን 50 ኦል ኢኖችዎን ይጻፉ። እርስዎ ምን ያዙ፣ እሱ ምን ያዘ፣ ማን አሸነፈ። ሰው የተሸነፈውን ነው የሚያስታውሰው። በኤስ-ኤስ ያሸነፉባቸው ሰባቱ ደብተሩ ላይ ካልሰፈሩ ትዝ አይሉዎትም። ሲጽፉ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፤ ቺፑ መሀል ሲገባ የምበልጠው እኔ ነበርኩ ወይ? ከነበሩ በደንብ ተጫውተዋል።

«ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጠንቅቄ እጫወታለሁ። ከዚያ ብላይንዱ እየጨመረ ቺፔን ይጨርሰውና ሽልማቱ ጋ ሳልደርስ እወጣለሁ። ካርታው አልመጣልኝም እኮ!» — ጠባቂው

ከሁሉም ጥያቄ ይሄ ነው ልቤን የነካው፤ ብዙ ጥሩ ተጫዋች የሚቀረው እዚሁ ላይ ነውና። መጠበቅ የሚጠቅመው መጀመሪያ ላይ ነው። አንተ ጎበዝ ሆነህ መጠበቅን ለምደሃል። አሁን ማቆሚያውን ልመድ።

ቺፕህን በብላይንድ ቁጠረው። 6,000 ቺፕ አለህ እንበል። ትልቁ ብላይንድ 100 ሲሆን 60 ብላይንድ አለህ። 600 ሲደርስ 10 ብቻ። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ያው ነው፤ የአንተ አቅም ግን ስድስት እጥፍ ቀንሷል። ፍሪሮል ላይ ብላይንዱ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ቶሎ ስለሚያድግ፣ ይሄ ሳይታወቅህ ይመጣል።

10 ብላይንድና ከዚያ በታች ስትሆን ምርጫህ ሁለት ነው። ትጥላለህ፣ ወይም ኦል ኢን ትላለህ። ሁለት ብላይንድ ተኩል አሳድገህ ከተጫኑህ በኋላ ብትጥል፣ ካለህ ሩቡን በነፃ ሰጠህ። ኦል ኢን ስትል ግን ማሸነፊያህ ሁለት ነው። ወይ ሁሉም ይጥላሉ፣ ወይ ቢከተሉህም ካርታህ ሊያሸንፍ ይችላል።

ምሳሌ ልስጥህ። ሁለቱ ብላይንዶችና ሁሉም በግዴታ የሚያስቀምጡት አንቴ ሲደመር ሁለት ብላይንድ ተኩል ሆኗል። የዲለሩ ምልክት አንተ ጋ ነው። ከአንተ በፊት ያሉት በሙሉ ጣሉ። የቀሩት ብላይንድ ያስቀመጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። 10 ብላይንድህን ገፋህ፤ ሁለቱም ጣሉ። ማንም ካርታህን ሳያይ 12.5 ሆንክ። ሩብ ጨመርክ ማለት ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ሳታቅማማ የምትጥላቸው ካርታዎች፣ ኤስና አምስት፣ ኪንግና አስር፣ ሁለት አራት፣ እዚህ ቦታ ላይ በቂ ናቸው።

ከመግፋትህ በፊት ከኋላህ ያሉትን እያቸው። አንዱ የቺፕ ክምር ይዞ ሁሉንም የሚከተል ከሆነ፣ ወይም አንዱ ቺፑ አልቆ መከተል ግዴታው ከሆነ፣ የተሻለ ካርታ ያዝ። ከአንተ በፊት ሌላ ሰው ኦል ኢን ካለም እንደዚያው፤ ለመከተል የሚያስፈልገው ካርታ ለመግፋት ከሚያስፈልገው ይበልጣል። ደግሞ ሦስት ብላይንድ እስኪቀርህ አትቆይ። ያን ጊዜ ኦል ኢንህ ማንንም አያስወጣም።

«ዘግይቶ መግባት ይጠቅማል የሚሉ አሉ። እውነት ነው?» — አጭር ጥያቄ አለኝ

በፍሪሮል በሰዓቱ ይግቡ። ብዙ ሰው ተመዝግቦ አይመጣም። የሌለው ሰው ቺፕ በየዙሩ በብላይንድ እየተቆረጠ ያልቃል፤ የሚወስደው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ የተገኘ ነው። ከኋላዎ ያሉት ሁለቱም ብላይንዶች ከሌሉ በየትኛውም ካርታ ያሳድጉ።

«ሽልማቱ የትልቅ ውድድር ቲኬት ነበር። 10 ቲኬት፣ 11 ሰው ቀርተናል፤ እኔ በቺፕ ሦስተኛ ነበርኩ። በቺፕ አንደኛ የነበረው ሰው ኦል ኢን አለ። ኤስ-ኤስ ይዤ ተከተልኩና ወጣሁ። ጓደኛዬ መጣል ነበረብህ ይለኛል። ኤስ-ኤስ ይጣላል?» — የተናደደው

ጓደኛህ ልክ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ይጣላል።

አንደኛ የወጣውም አሥረኛ የወጣውም የሚያገኙት ያንኑ ቲኬት ነው። ቺፕህን እጥፍ ብታደርገው ሁለት ቲኬት አይሰጥህም። አንተ ሦስተኛ ነህ፤ ከታች ያሉት ስምንት ሰዎች ከአንተ በፊት ይጨነቃሉ። አንድ ሰው እስኪወጣ እየጣልክ ብትቀመጥ ቲኬቱ በእጅህ ነበር ማለት ይቻላል። ስትከተለው ግን በ100 ውስጥ 15 ወይም 20 ጊዜ ባዶ እጅህን ትወጣለህ፤ ለዚያ አደጋ የምታገኘው ተጨማሪ ነገር የለም።

ሽልማቱ ገንዘብ ሆኖ አንደኛው ከአሥረኛው በብዙ የሚበልጥ ቢሆን ኖሮ በደስታ ተከተል እልህ ነበር። ስለዚህ ከመጀመርህ በፊት የሽልማቱን ሰንጠረዥ ክፈትና እይ።

«ከኪሴ ምንም ሳላወጣ፣ ከፍሪሮል ብቻ ተነስቼ ገቢ ማግኘት እችላለሁ? ሥራ የለኝም፤ ጊዜ ግን አለኝ።» — ተስፈኛው

በግልጽ ልንገርህ፤ እንደ ገቢ አትቁጠረው። ሽልማቱ 100 ዶላር፣ ተጫዋቹ 2,000 ሰው ነው እንበል። ለአንድ ሰው የሚደርሰው በአማካይ 5 ሳንቲም ነው። ከሌሎቹ በእጥፍ ብትበልጥ እንኳ 10 ሳንቲም። ለዚያውም ለአንድ ሙሉ ምሽት። ሥራ ለመፈለግ የምትጠቀምበትን ሰዓት ለዚህ አትስጥ።

ከዜሮ የተነሱ ሰዎች ግን አሉ። በ2000 እ.ኤ.አ. የዎርልድ ሲሪስ ኦፍ ፖከርን ዋና ውድድር ያሸነፈው ክሪስ ፈርጉሰን፣ በ2006 አንድ ሙከራ ጀመረ። አንድ ሳንቲም ሳያስገባ ከፍሪሮል ተነስቶ 10,000 ዶላር መድረስ። ደረሰ፤ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀበት። እሱ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ነው እንግዲህ። የያዘው ሕግ ለአንተም ይሠራል። ገንዘቡ አደግ ካለለት በኋላ፣ ካለው ከ2 በመቶ በላይ በአንድ ትልቅ ውድድር ላይ፣ ከ5 በመቶ በላይ ደግሞ በአንድ የገንዘብ ጠረጴዛ (ከውድድር ውጭ በቀጥታ በገንዘብ በሚጫወቱበት) ላይ አያስቀምጥም ነበር።

ኖርዌያዊቷ አኔት ኦብሬስታድም የተነሳችው ከፍሪሮል ነው። በ2007 ለንደን ላይ የዎርልድ ሲሪስ ኦፍ ፖከር አውሮፓን ዋና ውድድር አሸንፋ 1 ሚሊዮን ፓውንድ ስትወስድ፣ 19 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ቀርቷት ነበር። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን በዚያው ዓመት ያደረገችው ሌላ ነገር ነው። 180 ሰው የተሳተፈበትን የኦንላይን ውድድር የራሷን ካርታ ሸፍና አሸነፈች። ካርታዋን ያየችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የተቀረውን የተጫወተችው ማን እንደፈራ፣ ማን ለቺፑ እንደሳሳ፣ እሷ የተቀመጠችበት ቦታ የት እንደሆነ እያየች ነው። ፍሪሮልን ለዚህ ተጠቀምበት። ካርታህን በጣልክ ቁጥር ስልክህን አታንሳ፤ ሌሎቹን እይ።

«በወንድሜ ስም ሁለተኛ አካውንት ብከፍት ይያዝብኛል? ደግሞ አንድ ድረ ገጽ ለፍሪሮሉ የባንክ ካርዴን ቁጥር ጠየቀኝ።» — ሁለት በአንድ

ሁለተኛ አካውንት አይክፈቱ። ማታለል ነው፤ ሲያዝ ደግሞ በሁለቱም አካውንት ያለው ሽልማት ይወሰዳል። ገንዘብ ሲያወጡ መታወቂያ መጠየቅ የተለመደ ነው። ምንም ለማይከፈልበት ውድድር የካርድ ቁጥር የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠመዎት ግን ዘግተው ይውጡ። የምስጢር ቁጥርዎንማ ለማንም አይስጡ።

«ሁለት ጊዜ የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ደርሻለሁ። አንዴ ዘጠነኛ፣ አንዴ ስምንተኛ ወጣሁ። እዚያ ስደርስ እጄ ይንቀጠቀጣል። ነገ ማታ እንደገና እገባለሁ።» — ዘጠነኛዋ

ከሺህ ሰው መሀል ሁለት ጊዜ እዚያ መድረስ ትልቅ ነገር ነው። እጅሽ ይንቀጥቀጥ፤ ችግር የለውም።

ስትቀመጪ መጀመሪያ ሽልማቱን እዪ። ብዙውን ጊዜ ከዘጠነኛ ወደ ስምንተኛ ያለው ጭማሪ ትንሽ ነው፤ ትልቁ ድርሻ ያለው ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ነው። ስለዚህ አንድ ደረጃ ለማለፍ ብለሽ ቺፕሽ እስኪያልቅ አትጠብቂ። ቀጥለሽ የሁሉንም ቺፕ ቁጠሪ። ከአንቺ የሚበልጠውን ሰው ጥሩ ካርታ ሳትይዢ አትንኪው፤ ሊያስወጣሽ የሚችለው እሱ ነው። መሀል ላይ ያሉት ደግሞ ትንንሾቹ ቀድመው እስኪወጡ ይጠብቃሉ፤ ስለዚህ ይጥላሉ። ያን ያቆየሽውን ብለፍ አሁን አውጪው፤ ብላይንዳቸውን ውሰጂባቸው።

ለእያንዳንዱ ውሳኔ ሰዓት ተሰጥቶሻል። ጣትሽን ከመጫንሽ በፊት አንዴ ተንፍሺ። ስንተኛ እንደወጣሽ ደግሞ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።