ከረጅም ዕረፍት በኋላ ወደ በረራ መመለስ

ጥያቄ፦ በአሜሪካ የግል አብራሪ ፈቃድ ያወጣሁት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከ2013 ወዲህ አልበረርኩም። እንደገና መፈተን አለብኝ? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ የለብዎትም፤ ፈቃዱ ጊዜ አያልፍበትም። የሚያስፈልግዎት ከአስተማሪ ጋር የሚደረግ የበረራ ግምገማ ነው፤ ቢያንስ 1 ሰዓት የቃል ትምህርትና 1 ሰዓት በረራ። ከእንዲህ ያለ ዕረፍት በኋላ ግን በዚያ ያልቃል ብለው አይጠብቁ። መውደቅ የሚባል ነገር የለበትም፤ አስተማሪው ካልረካ ልምምዱ ይቀጥላል።

አስቀድመው የጤናውን ጉዳይ ይጨርሱ። የቀድሞ የሕክምና ማረጋገጫዎ ካልተሰረዘ ወይም ካልታገደ፣ በቤዚክሜድ (መደበኛውን የአብራሪ የሕክምና ማረጋገጫ የሚተካ ቀለል ያለ አሠራር) መንገድ የመኪና መንጃ ፈቃድ ይዘው በየ48 ወሩ ሐኪም ዘንድ ይመረመራሉ፤ በየ24 ወሩ ደግሞ የኢንተርኔት ኮርስ ይወስዳሉ። በዋሽንግተን ዙሪያ 60 ኖቲካል ማይል ውስጥ በእይታ (በመሣሪያ ሳይሆን ውጭውን በዓይን እያዩ) ለመብረርም የተለየ ኮርስ ግዴታ ነው።

እጅ ቶሎ የሚረሳው ማረፍን ነው። ሴስና 172 የተባለው ትንሽ አውሮፕላን ፍላፑን (በክንፉ ኋላ ያለውን ተዘርጊ ክፍል) ዘርግቶ በ65 ኖት (ኖቲካል ማይል በሰዓት) ገደማ ፍጥነት ሲቀርብ በደንብ ያርፋል። ከዕረፍት የተመለሰ አብራሪ ግን ፈርቶ 75 ይዞ ይመጣል፤ አውሮፕላኑ መሬት ሳይነካ ማኮብኮቢያውን ይጨርሳል። ያኔ አፍንጫውን በግድ ወደ ታች አይግፉ፤ የፊት ጎማው ይጎዳል። ሙሉ ጉልበት ሰጥተው እንደገና ይነሱ።

ቤተሰብ ለማሳፈር ባለፉት 90 ቀናት 3 መነሳትና 3 ማረፍ ያስፈልጋል፤ ለሌሊት በረራ ደግሞ እነዚህን በሌሊት፣ ባረፉ ቁጥር ሙሉ በሙሉ ቆመው ማድረግ አለብዎት።