ቀለሙ አልገጠመም ብለውኛል፤ ለምን እንደተቀባ ግን አልነገሩኝም

ጥያቄ፦ «የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ነው። ብርማ ቶዮታ ቪትዝ አለኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት የግራ የፊት በሩንና ፓራፋንጎውን (ከፊት ጎማው በላይ ያለውን ቆርቆሮ) እዚሁ ከተማ አንድ ጋራዥ በ28,000 ብር ሊቀባልኝ ተስማምተን 18,000 ከፈልኩ። መኪናውን የተረከብኩት ማታ ነው። ጠዋት ፀሐይ ላይ ሳየው የተቀባው ጠቆር ብሏል፤ ከኋላ በሩ ጋር ጭራሽ አይገናኝም። ጋራዡ ‹ፀሐይ ሲመታው ይመሳሰላል› ይለኛል። ከሸዋ ሮቢት የመጣ ገዢ ደግሞ ቀለሙን አይቶ ከተነጋገርንበት ዋጋ ላይ 90,000 ብር ቀንስ አለኝ። ይህን 90,000 ብር ጋራዡን መጠየቅ እችላለሁ? አዲስ አበባ ወስጄ አስቀብቼ ወጪውንስ ላስከፍለው?»

መልስ፦ ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። የመኪናው ዓይነት፣ ዋጋው፣ የገዢው አገር ሳይቀር አለበት። «አደጋ» የሚል ቃል ግን አጣሁበት። ወንድሜ፣ በርና ፓራፋንጎ ጎን ለጎን ናቸው፤ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስቀባው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ስለነካቸው ነው። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ። ካልተሳሳትኩ ግን የጥያቄዎ ግማሽ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ገዢውም ያሰበው ይህንኑ ይመስለኛል። መኪና የሚያውቅ ሰው ቀለም ሲለይበት ቆርቆሮውን በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል፤ ስቱኮ (የገባ ቆርቆሮ የሚሞላበት ልጥፍ) የበዛበት ቦታ ድምፁ ይደፈናል። መለኪያ ከያዘ ደግሞ ይብስብዎታል፤ የፋብሪካ ቀለም ውፍረቱ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን አካባቢ ሲሆን ስቱኮ ያለበት ብዙ መቶ ያሳያል። እንግዲህ 90,000 ብር የተቀነሰው ቀለሙ ስላስጠላው ነው ወይስ መኪናው መመታቱን ስላወቀ? ዳኛው ይህን ይጠይቃል። መኪናውን የመታው ጋራዡ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1799 የሚያስከፍለው ውሉ ባለመፈጸሙ በተለምዶ የሚደርሰውን ጉዳት ነው። ከዚያ በላይ ለመጠየቅ በቁጥር 1801 መሠረት ልዩ ሁኔታዎን ውሉ ሲደረግ ለጋራዡ ነግረውት መሆን አለበት። «ልሸጠው ነው፣ ገዢ እየጠበቀኝ ነው» ብለውት ነበር? ምስክር አለ? ከሌለ ከጋራዡ በአሳማኝ ሁኔታ የሚጠየቀው ሥራውን የማስተካከያ ወጪ ነው፤ 90,000ውን ግን ይርሱት።

በነገራችን ላይ ለገዢው ምን አሉት? «ተጭሮ ነው ያስቀባሁት» ብለውት ከሆነና በሩ ገብቶ የተቃና ከሆነ፣ ነገ እርስዎ ራስዎ ተከሳሽ ይሆናሉ። ጉድለት እያወቀ የደበቀ ሻጭን ሕጉ አይምረውም። እውነቱን ይንገሩት፤ የሽያጭ ውሉ ላይም ይጻፍ። ሌላ ሰው ገጭቶዎት ከሆነ ደግሞ የዋጋውን መቀነስ የሚጠይቁት እሱን ነው። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት በሁለት ዓመት ይታገዳል (የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143)፤ ቀኑን ዛሬውኑ ይቁጠሩ። ኢንሹራንስ ገብቶበት ከነበረም ይንገሩኝ፤ ጋራዡን የመረጠውና የከፈለው መድን ሰጪው ከሆነ ክርክሩ መልኩን ይለውጣል።

ሕጉን ባጭሩ ልበል። ውሉ በቃል ቢሆንም ውል ነው። ጋራዡ የገባው ግዴታ ቀለም ረጭቶ መልቀቅ ብቻ አይደለም፤ ከቁጥር 2610 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች መሠረት ውጤት ሠርቶ ማስረከብ ነው። ያልከፈሉትን 10,000 ብር ይዘው መቆየትዎ መጥፎ አይደለም፤ ለምን እንደያዙት ግን በጽሑፍ ያሳውቁ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም አገልግሎቱ እንዲደገም ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መንገድ አለው፤ የመጠየቂያው ጊዜ ግን በቀናት የሚቆጠር ስለሆነ ስለእሱ ነገ ሳይሆን ዛሬ የሕግ ባለሙያ ያነጋግሩ።

«ልዩነቱ የማን ጥፋት ነው?» የሚለውን ባለሙያ ይመልሰዋል። ብርማ ቀለም ውስጥ የአሉሚኒየም ብናኝ አለ፤ በመርጫው ግፊትና ርቀት ብናኙ የሚተኛበት አቅጣጫ ስለሚለያይ ከፊት ለፊት ሲያዩት የገጠመ ቀለም ከጎን ይጠቁራል። የቀለሙ ኮድ (በብዙ ብርማ ቶዮታዎች ላይ 1ኤፍ7) ትክክል ቢሆንም የዓመታት ፀሐይ የበላው የኋላ በር ከአዲሱ ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። ለዚህ ነው ጥሩ ቀቢ መጀመሪያ ካርቶን ላይ ረጭቶ በቀን ብርሃን የሚያመሳክረው፤ ከዚያም ቀለሙን ወደ አጎራባቹ በር እያሳሳ የሚያዋህደው። የእርስዎ ጋራዥ ይህን አድርጓል? የደረቀ ቀለም ግን «ፀሐይ ሲመታው» እየቀረበ አይመጣም።

አሁን ወደ ወጥመዱ። «አዲስ አበባ ወስጄ አስቀብቼ ወጪውን ላስከፍለው» ብለዋል። እባክዎ እንዳያደርጉት! ደንበኞቼ በተደጋጋሚ የሚወድቁት እዚህ ነው፤ ከመኪና ቀቢ ጋርም፣ ከአናጺ ጋርም፣ ከልብስ ሰፊ ጋርም። ከዓመታት በፊት ከደብረ ሲና የመጣ አንድ ሰው ነበረኝ። ኮፈኑ በሌላ ቀለም ተቀብቶበት ተናደደ፤ በማግሥቱ ሌላ ጋራዥ አስገብቶ አስፋቀው፤ በፎርኖ (ቀለሙ በሙቀት በሚደርቅበት ክፍል) አስቀባው፤ ደረሰኙን ይዞ ወደ እኔ መጣ። ችሎት ላይ ጋራዡ «የኔ ሥራ ምንም ጉድለት አልነበረበትም» አለ። ዳኛው «ኮፈኑ የት አለ?» ብለው ጠየቁ። ኮፈኑ ውጭ ቆሟል፤ ያማረ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ምንም የማያሳይ። የቀረን ማስረጃ ማታ በስልክ በፍላሽ የተነሳች አንዲት ፎቶ ነበረች። በፍላሽ ደግሞ ሁሉም ነጭ ነው። ደረሰኙ ገንዘብ መውጣቱን እንጂ የመጀመሪያው ሥራ መበላሸቱን አላስረዳልንም።

ጉዳዩ የማስረጃ ብቻ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይስጡት ይላል፤ ቁጥር 1774 በማስጠንቀቂያው ውስጥ ምክንያታዊ ጊዜ እንዲወስኑለት ይፈቅዳል፤ ቁጥር 1777 ደግሞ ሥራውን በባለዕዳው ወጪ በሌላ ሰው ማሠራት የሚቻለው ሲፈቀድልዎ ነው ይላል። ጋራዡ ስህተቱን እንዲያርም ዕድል ሳይሰጡት ሌላ ዘንድ ከሄዱ «ብትነግረኝ በነጻ እደግመው ነበር» የሚል መልስ በእጁ አስገቡለት ማለት ነው። በቃል ነግሬዋለሁ ይሉኛል። አውቃለሁ። እሱ ይክዳል።

ስለዚህ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ፦ «በዚህ ቀን በሰጡኝ መኪና ላይ የተቀባው የግራ የፊት በርና ፓራፋንጎ ከቀሪው አካል ቀለም ጋር አልገጠመም። በ15 ቀን ውስጥ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲያስተካክሉ እጠይቃለሁ፤ ካልሆነ ወጪውንና ኪሣራውን በፍርድ ቤት እጠይቃለሁ።» በሁለት ቅጂ ይሁን፤ በአንዱ ላይ «ተቀብያለሁ» ብሎ ይፈርም። እምቢ ካለ በሁለት ምስክር ፊት ይስጡት ወይም በሪኮማንዴ ፖስታ ይላኩት። በሩንም ጠዋት በጥላ ስር፣ ቀትር ላይ በፀሐይ፣ ከፊትና ከጎን፣ የኋላ በሩ አብሮ እንዲታይ አድርገው ፎቶ ያንሱት። ከሌላ ጋራዥ «ልዩነት አለ፣ ማስተካከያው ይህን ያህል ነው» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ያግኙ፤ ግን አያስቀቡት።

ጋራዡ «አምጣው፣ እደግመዋለሁ» ካለ ይውሰዱለት። የሙከራ ካርቶኑን በቀን ያሳይዎ፤ ቀለሙን እስከ ኋላ በሩ ለማዋሃድ መስማማቱን ያስጽፉ፤ ሲረከቡም ቀን ይሁን። የደብረ ብርሃን ጭጋግና የጋራዥ አምፖል ስንቱን አታልለዋል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ማታ ሲረከቡ የፈረሙት ወረቀት አለ? «ሥራው በጥሩ ሁኔታ ተሠርቶ ተረክቤአለሁ» የሚል? ካለ ቅጂውን ይፈልጉ፤ ጋራዡ መጀመሪያ የሚያወጣው እሱን ነው። ለ18,000ውስ ደረሰኝ ተቀብለዋል ወይስ «ያለ ደረሰኝ ይቀነስልህ» ተብለው ተስማምተዋል? ማፈር አያስፈልግም፤ ከችሎት በፊት ለጠበቃ መናገር ግን ያስፈልጋል። የባንክ ማስተላለፊያ ካለ እሱም ይሠራል።

ሊብሬውን፣ የክፍያ ማስረጃውን፣ ከጋራዡ ጋር የተላላካችሁትን መልእክት፣ ፎቶዎቹንና የኢንሹራንስ ውሉን ይዘው አቅራቢያዎ ያለ ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ። ያ በር ምን እንደነካው፣ መቼና የት እንደሆነም ይንገሩት፤ ፖሊስ መጥቶ ከነበረ ሪፖርቱን ጨምረው።