ፉ እና ባር ከወታደር ቤት ነው የመጡት?

«ፉ» (foo) እና «ባር» (bar) ፕሮግራመሮች ለምሳሌና ለመለማመጃ በሚጽፉት ኮድ ላይ በእውነተኛ ስም ፋንታ የሚያስቀምጧቸው የዘፈቀደ ስሞች ናቸው። መምህርህ ሁለቱም ከጦር ሠራዊት የመጡ ናቸው ያሉት ግማሹ ልክ ነው። «ፉባር» የአሜሪካ ወታደሮች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያወጡት ምህጻረ ቃል ነው፤ እንዳይሆን ሆኖ ለተበላሸ ነገር ይሉታል። «ፉ» ብቻውን ግን ከጦርነቱ ይቀድማል። ቢል ሆልማን ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሥለው በነበረው «ስሞኪ ስቶቨር» ካርቱን ላይ በየቦታው ተጽፎ ይታያል። በ1959 ደግሞ ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሞዴል ባቡር ክለብ ተማሪዎች መዝገበ ቃላታቸው ውስጥ አስገቡት፤ ወደ ፕሮግራመሮች ሰፈር የዘለቀውም በዚያ በኩል ነው። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ ለክፍል ስታቀርብ «ሁለቱም ከጦር ሠራዊት ነው» አትበል፣ ለያይተህ አስቀምጣቸው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ ወንድሜ። እነዚህን ስሞች ከመለማመጃ ውጭ ኮድህ ውስጥ አታስቀራቸው። ደሴ ፒያሳ ላለ ሱቅ የተሠራ የዕቃ መመዝገቢያ እንዳስተካክል ተሰጥቶኝ ነበር። «ፉ» የመሸጫ ዋጋ፣ «ባር» የመግዣ ዋጋ ሆነው አንድ መስመር ላይ ተገላብጠዋል፤ ባለሱቁ እያተረፈ ኮምፒውተሩ ኪሳራ ያሳየዋል። የሠራው ልጅ አገር ቀይሯል። የትኛው የቱ እንደሆነ የለየሁት ከደረሰኝ ጋር እያመሳከርኩ ነው። «መሸጫ»፣ «መግዣ» ብለህ ጻፈው።