ዴሞዬን የሚሰማልኝ ማን ነው?

ጥያቄ፦ ስድስት ዘፈን በዴሞ (ለናሙና የሚላክ ቅጂ) ቀርጬ ለብዙ ሌብሎች (የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅቶች) በኢሜይል ላክኩ፤ አንድም መልስ የለም። ሥራዬን ጠልተውት ነው ወይስ ጭራሽ አይከፍቱትም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይከፍቱትም። እንደ ዩኒቨርሳል፣ ሶኒና ዋርነር ያሉት ትልልቆቹ በአብዛኛው ከማያውቁት ሰው የመጣ ዴሞ አይቀበሉም፤ አንዱ ምክንያት በኋላ «ዜማዬን ሰረቃችሁኝ» የሚል ክስ እንዳይመጣባቸው ነው። ተሰጥኦ ፈላጊዎቻቸው የሚሰሙት የሚያውቁት ፕሮዲውሰር፣ ማናጀር ወይም የሙዚቃ ጠበቃ ያመጣላቸውን ነው። ቁጥርም ያያሉ። ቁጥር ስልህ ግን የተከታይ ብዛት ማለቴ አይደለም (እሱማ በገንዘብም ይገዛል)፤ ሰው ዘፈኑን ሴቭ ያደርገዋል ወይ፣ ደግሞ ደጋግሞ ይሰማዋል ወይ፣ የሆነ ቦታ ሰምቶት ሻዛም (የሚሰማውን ዘፈን ለይቶ የሚናገር መተግበሪያ) ላይ ይፈልገዋል ወይ የሚለውን ነው።

ትንንሾቹ ሌብሎች ይሻላሉ፤ ብዙዎቹ ዴሞ የሚቀበሉበት ገጽ አላቸው። ስድስቱን አትላክ፣ ምርጡን አንዱን ብቻ። ፋይል አታያይዝ፣ ሳይወርድ የሚሰማ ሊንክ ይበቃል። ረጅም መግቢያ ካለው ቁረጠው፤ ስፖቲፋይ እንኳ 30 ሰከንድ ያልተሰማ ዘፈን አይቆጥርም፣ ሥራ የበዛበት ሰው ደግሞ ያንንም አይታገስም።

«ከሌብል ጋር አገናኝሃለሁ» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅህ ካለ ግን ስልኩን ዝጋበት።