በወረቀት የተሣለችውን ጦጣ ለማንቀሳቀስ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነው። የጦጣና የጅብ ተረቶችን ለተማሪዎቻቸው በሦስት በሦስት ደቂቃ ካርቱን መሥራት ይፈልጋሉ። የሚሥሉት በወረቀት ላይ ነው። ላፕቶፓቸው 4 ጊጋባይት ራም አለው፤ የሥዕል ታብሌት ግን የላቸውም። ፔንስል ቱዲ የተባለውን የአኒሜሽን ሶፍትዌር ሞክረው እያንዳንዱን ፍሬም፣ ማለትም ካርቱኑን የሚሠሩትን ሥዕሎች አንድ በአንድ መሣሉ አድክሟቸዋል። «ጦጣዋን አንዴ ሥዬ እጅና እግሯን ብቻ የማንቀሳቅስበት ነጻ ሶፍትዌር አለ? ወይስ ገንዘብ አጠራቅሜ የሚሸጠውን ልግዛ?» ይላሉ።

መምህርት፣ መልሱን ላስቀድም። ኦፕንቱንዝ የተባለውን ነጻ የአኒሜሽን ሶፍትዌር ይጫኑ። ገንዘብዎን ለጊዜው ይያዙት። እርስዎ የሚፈልጉት ዓይነት አኒሜሽን፣ የገጸ ባሕርይውን ቁርጥራጭ ክፍሎች እያንቀሳቀሱ የሚሠሩት፣ ከትአውት ይባላል። ከትአውት የሚያምረውም የሚበላሸውም ከሶፍትዌሩ ይልቅ በአቆራረጡ ስለሆነ፣ ምክሬ ስለ ሶፍትዌር ብቻ አይሆንም።

ፔንስል ቱዲ ያደከመዎት መጥፎ ስለሆነ አይደለም። የተሠራው ፍሬም በፍሬም ለሚሥል ሰው ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም ይዘው እያንዳንዱን ሥዕል ሁለት ፍሬም ቢያቆዩት እንኳ፣ ሦስት ደቂቃ 2,160 ሥዕል ይፈልጋል። ክፍል እያስተማሩ፣ ደብተር እያረሙ ይህን ለብቻዎ መጨረስ በጣም ከባድ ነው።

ሶፍትዌር ከመምረጤ በፊት ሁልጊዜ የምጠይቀው ገጸ ባሕርይው ምን ማድረግ እንዳለበት ነው። ክንዱ በመገጣጠሚያው ላይ መዞር ብቻ ነው ያለበት? አፉና መዳፉ በሌላ ሥዕል መቀያየር አለባቸው? ወይስ ጅራቱ እንደ ገመድ መተጣጠፍ፣ ጉንጩ መለጠጥ አለበት? ለመዞርና ለመቀያየር ቀላል መሣሪያ ይበቃል። ውድ ሶፍትዌሮች ብዙውን ዋጋቸውን የሚያስከፍሉት በሦስተኛው፣ ሥዕሉን በመለጠጥና በማጣመም ነው። ለተረትዎ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይበቁዎታል። የጦጣዋን ጅራት ደግሞ አራት ቦታ ቆርጠው ቢያገጣጥሙት በደንብ ይወዛወዛል።

ኦፕንቱንዝን የመረጥኩልዎ በወረቀት ስለሚሥሉ ነው። መነሻው ቱንዝ የተባለ የጣሊያን ሶፍትዌር ነው። የጃፓኑ ስቱዲዮ ጊብሊ ሲሠራበት ቆይቷል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ድዋንጎ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በነጻና በክፍት ኮድ እንዲለቀቅ አደረገ። በወረቀት የተሣለን ሥዕል ስካን አድርጎ የሚያጸዳበት ክፍል ከጥንቱም አለው። ለቁርጥራጭ ገጸ ባሕርይም ክፍሎቹን እንደ አጥንት የሚያያይዝ መሣሪያ አለው። አንዴ ካወረዱት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። መጀመሪያ ሲከፍቱት ግን በአዝራር ብዛት ያስፈራዎታል። አይደንግጡ፣ የሚያስፈልግዎ ጥቂቱ ነው።

ከሶፍትዌሩ በፊት አቆራረጡ ይምጣ። ጦጣዋን በአንድ ገጽ ላይ ሙሉ ሥለው አይቁረጧት። ሙሉዋን እንደ ንድፍ ይያዙና ክፍሎቿን በሌላ ወረቀት ላይ ተራርቀው እንደገና ይሣሏቸው፦ ጭንቅላት፣ አካል፣ የላይኛው ክንድ፣ የታችኛው ክንድ፣ መዳፍ፣ ጭን፣ ቅልጥም፣ እግር። ሁለት ክፍሎች የሚገናኙበት ጫፍ ሁልጊዜ ክብ ይሁን። የሁለቱም ክብ ስፋት እኩል ይሁንና አንዱ በሌላው ላይ ይደረብ። እንዲህ ከሆነ ክርኑ የፈለገውን ያህል ቢታጠፍ ክፍተት አይታይም። ክቡ ላይ ጥቁር መስመር ካለ ግን ክንዱ ሲታጠፍ እንደ ጠባሳ ይታያል። ስለዚህ መገጣጠሚያው ጋ መስመሩን አያድርጉ፣ ቀለሙ ብቻ ይኑር። ክንዱ የሚሸፍነውንም የአካል ክፍል ቀለም ይቀቡት፤ እጅ ሲነሳ ሥሩ ባዶ ነጭ ሆኖ መታየት የለበትም።

ስካን ሲያደርጉ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይበቃል። ስካነር ከሌለ ፎቶ ቤት ይሂዱ፤ በስልክ የተነሳ ፎቶ ጥግና ጥጉን ያጣምመዋል። ከዚያ ጊምፕ በተባለው ነጻ የሥዕል ማስተካከያ ነጩን ያጥፉና እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው፣ ጀርባው ባዶ እንደሆነ፣ ፒኤንጂ በሚባለው የሥዕል ፋይል ዓይነት ያስቀምጡ። የፋይል ስሞቹን በላቲን ፊደልና ያለ ክፍት ቦታ ይጻፉ። አንዳንድ የአኒሜሽን ሶፍትዌሮች በሌላ ፊደል በተጻፈ ስም ይሰናከላሉ። በዚህ ላፕቶፕ 1280 በ720 ፒክስል ሆነው ይሥሩ። ለክፍል ቲቪም ሆነ ለስልክ ከበቂ በላይ ነው።

ኦፕንቱንዝ ውስጥ፣ ኤክስሺት በሚባለው የፍሬሞች ሠንጠረዥ ላይ፣ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ዓምድ ይይዛል። በስተቀኝ ያለው ዓምድ ከፊት ይታያል፣ በስተግራ ያለው ከኋላ። የሩቁን ክንድ በስተግራ፣ አካሉን መሐል፣ የቅርቡን ክንድ በስተቀኝ ያድርጉ። ቀጥሎ በአኒሜት መሣሪያ የእያንዳንዱን ክፍል የመዞሪያ ነጥብ ወደ መገጣጠሚያው ክብ መሐል ይውሰዱት። ይህን ሥራ አይቻኮሉበት። ነጥቡ ትንሽ ከሳተ ክንዱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ከትከሻው ይወልቃል፣ እሱን ደግሞ በኋላ ማረም አሰልቺ ነው። ከዚያ ስቴጅ ስኬማቲክ በሚባለው መስኮት «ልጅ» የሚባለውን ተከታይ ክፍል «ወላጅ» ከሚባለው መሪው ጋር ያያይዙ፦ መዳፍን ከታችኛው ክንድ፣ ታችኛውን ከላይኛው፣ ላይኛውን ከአካል። አሁን አካሉን ሲያንቀሳቅሱ ሁሉም ይከተላል። በመጨረሻም ዓምዶቹን በሙሉ መርጠው ወደ አንድ ሰብ ኤክስሺት፣ ማለትም ንዑስ ሠንጠረዥ፣ ይሰብስቧቸው። ጦጣዋ በአንድ ዓምድ ውስጥ የገባች ሙሉ ገጸ ባሕርይ ትሆናለች፤ በሚቀጥለው ተረትም እንዳለች ያስገቧታል።

ጅቡን መጀመሪያ በሁለት እግሩ ያቁሙት። ተረት ነውና ይፈቀዳል። የአራት እግር አካሄድ ልምድ ላለውም ሰው ፈተና ነው። ዞሮ ማየት ሲኖርበት ደግሞ ጭንቅላቱን ለማጣመም አይሞክሩ። ከጎንና ከፊት የሚታዩ ሁለት ጭንቅላቶች ይሣሉ፣ ዓይኑን ሲጨፍን ይቀያይሯቸው። ተመልካች አያስተውለውም።

አሁን በጣም የምወደው ክፍል መጣ፣ አፍ። ከድምፅ አፍን የሚሠሩ ሶፍትዌሮች ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ ቃላት ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ነጻው ሩባርብ ሊፕ ሲንክ ለሌሎች ቋንቋዎች በድምፅ ብቻ የሚሠራበት መንገድ አለው፤ ያም ሆኖ ውጤቱን በእጅ ማረም ያስፈልጋል። ለአማርኛ የሚሻል ነገር በእጅዎ አለ። የፊደል ገበታችን እያንዳንዱ ድምፅ አፍን ምን እንደሚያደርገው በረድፍ አስቀምጦልናል። ስድስት አፍ ብቻ ይሣሉ። ለመ፣ በ፣ ፐ እና ጰ የተገጠመ ከንፈር። ለፈ የላይ ጥርስ በታች ከንፈር ላይ። ለካዕብና ለሳብዕ፣ እንዲሁም ለወ፣ የሾለ ክብ። ለራብዕ ሰፊ ክፍት። ለሣልስና ለኃምስ ወደ ጎን የተለጠጠ። ለግዕዝና ለሳድስ ትንሽ የተከፈተ።

ስድስቱን በአንድ ስም፣ መጨረሻቸው ላይ ነጥብና ከ0001 እስከ 0006 ያለውን ቁጥር ጨምረው ያስቀምጡ። ኦፕንቱንዝ እንደ አንድ ሌቭል፣ ማለትም እንደ አንድ የሥዕሎች ስብስብ፣ ይከፍታቸዋል። ከዚያ በየፍሬሙ የአፉን ቁጥር ብቻ መጻፍ ነው። ድምፁን አስቀድመው በዋቭ ፋይል ይቅረጹና ያስገቡ፤ ንግግሩን በፊደል ይጻፉ፣ እያንዳንዱን ፊደል እያዩ ቁጥር ይስጡት። ሁሉንም ፊደል ለማሳየት አይጣሩ። ፈጠን ያለ ንግግር ላይ የሚገጠሙትና የሚሾሉት ከንፈሮች ከታዩ ዓይን ሌላውን ይሞላዋል። የሚገጠመው ከንፈር ከድምፁ አንድ ፍሬም ቀድሞ ይገጠም። የሚጠብቁ ፊደሎችንም ልብ ይበሉ። «ሰበረ» ሲባል በ ይጠብቃል፣ ከንፈሩ ሦስት ፍሬም ያህል ተገጥሞ ይቆይ። «ይሰብራል» ሲባል ግን ይላላል፣ አንድ ወይም ሁለት ፍሬም ይበቃዋል። ይህቺ ትንሽ ልዩነት ጅቡን የእውነት አማርኛ ተናጋሪ ታደርገዋለች። አማርኛ ሰምተው ለሚያድጉ ልጆች መሥራት ከዚህ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ሌሎቹ ሶፍትዌሮች ባጭሩ ልንገርዎ። ሲንፊግም ነጻ ነው፣ አጥንትም አለው። ከወረቀት ይልቅ በኮምፒውተር፣ ኢንክስኬፕ በተባለው የሥዕል ሶፍትዌር ለሚሥል ሰው እሱን እመርጥለት ነበር። ብሌንደር ድንቅ ነው፣ ለዚህ ላፕቶፕ ግን ይከብዳል። አዶቤ ካራክተር አኒሜተር ፊትዎን በካሜራ እያየ ገጸ ባሕርይውን ያንቀሳቅሳል፤ እሱም ጠንከር ያለ ኮምፒውተር ይፈልጋል። ቱን ቡም ሃርመኒ የትልልቅ ስቱዲዮዎች መሣሪያ ነው፤ በኪራይ ይሰጣል፣ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ለአንድ መምህርት የተረት ሥራ ያን ያህል ወጪ አልመክርም።

ወደፊት የሚገዙ ከሆነ ሞሆን ይግዙ። ለከትአውት ተብሎ የተሠራ ነው፤ አንዴ ከከፈሉ የራስዎ ነው፣ በየወሩ አይጠይቅዎትም። ደቡት የሚባለው ዝቅተኛው ዕትም በጣም ይረክሳል። ከመግዛትዎ በፊት የሙከራ ዕትሙን በራስዎ ላፕቶፕ ላይ ያስኪዱት። በፍላሽ የሚዞረውን ክራክ፣ ማለትም ሕገወጥ ቅጂ፣ ግን አይንኩት። የተማሪዎች ውጤትና ፈተና ባለበት ላፕቶፕ ላይ ቫይረስ ማስገባት ነው የሚሆነው።

ሁሉንም ከመጀመርዎ በፊት አንድ ክንድ ብቻ ይሞክሩ፦ ላይኛው፣ ታችኛው፣ መዳፍ። ያገጣጥሙት፣ አምስት ሰከንድ ሰላም ያስብሉት፣ ወደ ቪዲዮ ያውጡት። ኦፕንቱንዝ ኤምፒ4 ለማውጣት ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ይፈልጋል፤ አውርደው ያለበትን ፎልደር በምርጫዎች ገጽ ላይ ያሳዩት። ረዘም ያለ ሥራ ሲሆን ግን በቀጥታ ወደ ኤምፒ4 አይሂዱ። መጀመሪያ በተከታታይ ፒኤንጂ ያውጡት። መብራት ቢጠፋ የወጡት ፍሬሞች አይጠፉም፣ ከቆመበት ይቀጥላሉ።