ሌባው የሚገባው ከታች ነው

ከባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለው ከወራሚት በኩል አንዲት አንባቢ እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «ጋሼ፣ 20 የሳሶ ዶሮ ነበረኝ። ጓሯችን ወደ ሐይቁ ዳር ነው፤ ከአጥሩ ጀርባ ደንገልና ቁጥቋጦ አለ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ 7 ዶሮ አለቀብኝ። መጀመሪያ አንድ አንድ እያሉ 4ቱ ጠፉ፤ ከላባ በቀር ያገኘሁት የለም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በአንድ ሌሊት 3ቱን ገድሎ እዚያው ጥሏቸው አደረ። ባለቤቴ ቀበሮ ነው ይላል፣ ጎረቤታችን ሸለምጥማጥ ነው ትላለች። ቤቱ የአጣና ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ዙሪያውን የዶሮ ሽቦ መተንበታል። ሌላ ሽቦ እንደርብበት ወይስ አፍርሰን በብሎኬት እንሥራው?»

እህቴ፣ ሽቦም አትደርቢ፣ ቤቱንም አታፍርሺ። እኔ ውሎዬ ብየዳና አናጢነት ነው፤ የበርና የመስኮት ሥራ ሲቀዘቅዝ የዶሮ ቤት እሠራለሁ። «ዶሮዬን ፈጀብኝ» ተብዬ ስጠራ ሄጄ መጀመሪያ የማየው የግድግዳውን እግር ነው። ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው ላይ ላዩን ነው፤ አጥሩን ያስረዝማል፣ እሾህ ሽቦ ይጠመጥማል፣ የጠርሙስ ስባሪ ይሰካል። አውሬው ደግሞ ጎንበስ ብሎ ከታች ይገባል።

ማን እንደሆነ እንለይ መጀመሪያ። ከነገርሽኝ ስገምት ባለቤትሽም ጎረቤትሽም ልክ ናቸው። ሁለት ሌባ ነው ያለብሽ። ላባ ብቻ የቀረው የቀበሮ ሥራ ይመስላል። ቀበሮ አንዷን አንቆ ይዟት ይሄዳል፤ ላባዋን በየመንገዱ እያንጠባጠበ ስለሚሄድ ተከትለሽ ብትሄጂ ደንገሉ አፋፍ ላይ ክንፍና እግር ሳታገኚ አትቀሪም። 3ቱን ገድሎ የጣለው ግን ሸለምጥማጥ ይመስለኛል። እሱ አንገትና ጭንቅላት ነው የሚነክሰው፤ ጭንቅላቷን ወይ ደረቷን በልቶ ሌላውን ትቶት ይሄዳል። ዶሮዎቹ መውጫ አጥተው ሲንጫጩና ሲንፈራገጡ ደግሞ ከሚበላው በላይ ይገድላል። ከፊቱ የሚንቀሳቀስ ነገር እስካለ መንከሱን አያቆምም።

እርግጠኛ ለመሆን ማታ ቤቱ ዙሪያ ደቃቅ አሸዋ ወይም የተነፋ አመድ በትኚ። ዝናብ ካለ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ደረቁ ቦታ ላይ። ጠዋት ዶሮዎቹን ሳትፈቺ ሂጂና ዱካውን እይ። የውሻ መስሎ የጥፍሩ ጫፍ ከፊት ከፊቱ ነጥብ ካደረገ ቀበሮ ነው፤ ወይ ደግሞ የሰፈር ውሻ። ይሄን አትናቂው፣ ስንት «ቀበሮ» የጎረቤት ውሻ ሆኖ ተገኝቷል መሰለሽ። ክብ፣ ትንሽ፣ የድመት የመሰለ፣ ጥፍር የማይታይበት ከሆነ ሸለምጥማጥ ነው። በቀን እንቁላል የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ አርጃኖን ጠርጥሪ፤ ሐይቁ ዳር ሞልቷል፣ እንቁላልና ጫጩት ይወዳል።

(ቀበሮ ስል ቀይ ቀበሮን አይደለም። እሷ ስሜን ተራሮችና ባሌ ላይ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ባለው ብርድ አይጥና ፍልፈል እያደነች ነው የምትኖረው። 1800 ሜትር ላይ ወዳለችው ባሕር ዳር መጥታ ዶሮሽን አልበላችም፤ ስሟ በከንቱ አይጥፋ።)

አሁን ወደ ሥራው። ያ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀጭን የዶሮ ሽቦ ዶሮ እንዳትወጣ ነው የተሠራው። አውሬ እንዳይገባ አይደለም። ቀበሮ አንዷን ክር በጥርሱ ይዞ ከጎተተ እንደ ሹራብ ይተረተራል፤ ዝገት ከነካው ደግሞ መጎተትም አያስፈልገው። ለዚህ ነው ደርቢ ያላልኩሽ። ሁለት ደካማ ሽቦ አንድ ጠንካራ አይሆንም።

የምትገዢው ክሮቹ መጋጠሚያቸው ላይ የተበየዱ፣ ቀዳዳው አራት ማዕዘን የሆነ፣ ስፋቱ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ጠንካራ መረብ ነው። ሱቅ ስትሄጂ የትንሿን ጣትሽን ጫፍ አስገቢበት። በግድ ከገባች ጥሩ ነው። ያለችግር ሽው ብላ ካለፈች ሌላ ጠይቂ። እሱ የአይጥን ነገርም አብሮ ያቀልልሻል። ውድ ነው፣ አልዋሽሽም፤ ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ብሩን አልጽፍልሽም። ግን ቤቱን ሙሉ በሱ አትሸፍኚም። የምትፈልጊው ለታችኛውና ከጣሪያው ሥር ላለው ክፍተት ብቻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥቅሉ 1 ሜትር ስፋት ካለው መሐሉ ላይ ታጥፊዋለሽ። 50 ሳንቲሜትሩ ግድግዳው ላይ ይቆማል፣ 50ው ደግሞ መሬት ላይ ወደ ውጭ ይተኛል። ወደ ውጭ ነው ያልኩሽ፣ ወደ ውስጥ አይደለም! ቀበሮ ሲቆፍር አፍንጫውን ግድግዳው ሥር ለጥፎ ነው የሚጀምረው። እዚያ እግሩ ሽቦ ይነካል፤ ትንሽ ወደ ጎን ይላል፣ አሁንም ሽቦ። ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ሸሽቶ ከዚያ ልቆፍር ብሎ አያስብም። ሰው ግን ይሄን ትቶ ጥልቅ ቦይ ቆፍሮ ሽቦ ይቀብራል። ያም ይሠራል፤ ድካሙ ግን እጥፍ ነው፣ ሐይቅ ዳር ባለ እርጥብ አፈርና በዶሮ ኩስ መሐል የተቀበረ ሽቦ ደግሞ ቶሎ በዝገት ያልቃል፣ ማለቁን ደግሞ አታይውም። የተኛውን ሽቦ አፈሩን ገፈፍ አድርገሽ አስገቢውና ላዩን ጥቁር ድንጋይ ደርድሪበት። ድንጋይ በባሕር ዳር አይጠፋም መቼም።

የሰው ሥራ ሁልጊዜ የሚበላሸው ማዕዘኑ ላይ ነው። የተኛው ሽቦ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ይቆረጥና አራት ማዕዘን ባዶ ቦታ ይቀራል። ቀበሮ ዙሪያውን ሲሞክር አድሮ እሷን ያገኛታል። እዚያ ላይ ሌላ ቁራጭ ጣይበት፤ ከሁለቱም ጋር ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ይደራረብ፣ ከዚያ በማሰሪያ ሽቦ በየመዳፉ ርቀት ስፊው። የቆመውን ደግሞ ሚስማር መትተሽ ጭንቅላቱን በማጠፍ ብቻ እንዳትተዪው። አጣና ሲደርቅ ሚስማሩ ይላላል። ሽቦው ላይ ቀጭን ጣውላ ጭነሽ በጣውላው ላይ ምቺ፤ እንደዚያ ሲሆን ቢጎትተውም የሚይዝበት ጫፍ አያገኝም።

አፈርሽ ዋልካ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። አሁን በክረምት አብጦ ግድግዳውን ጥብቅ አድርጎ ይዞታል። ጥር ላይ ግን ተሰንጥቆ ከግድግዳው ሥር እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይከፍታል። በበጋ አንዴ ዞረሽ እይው። የአጣናውን እግርም በዚያው ፈትሺ፤ ምስጥ ከውስጥ ጨርሶት ከላይ ደህና መስሎ የሚቆም ምሶሶ ብዙ ነው። በቢላዋ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጊው። ሰተት ብሎ ከገባ ምሶሶው አልቋል።

በሩ። አብዛኛው የዶሮ ቤት በር መሐሉ ላይ አንድ መቀርቀሪያ ብቻ ነው ያለው፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ በገመድ ይታሰራል። እንጨቱ በክረምት ሲጣመም መሐሉ ይያዛል እንጂ የታችኛው ጥግ ወደ ውጭ ያፈነግጣል። ቁጭ በይና ያንን ጥግ በሁለት ጣትሽ ሳቢው። ከሳሳና ከተከፈተ በቃ፣ ሌባሽ የገባበትን አገኘሽው። ሁለት መቀርቀሪያ አስገጥሚ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። ከበሩ ሥር የሲሚንቶ ወይም የጥርብ ድንጋይ ደፍ አስቀምጪና በሩ ሲዘጋ ደፉ ላይ ገጥሞ ይረፍ። ቀበሮ የአፈር ደፍ ካገኘ ሌላ ቦታ ለምን ይቆፍራል?

ሸለምጥማጥ ግን የተለየ ጉድ ነው፤ እሱ ይወጣል። አጣና ላይ፣ ዛፍ ላይ፣ ግድግዳ ላይ። ጭንቅላቱ ካለፈ ገላው ያልፋል። ጭብጥሽ የምትገባበት ቀዳዳ ለሱ ሰፊ በር ነው፣ ከዚያ በጣም የጠበበም ይበቃዋል። ስለዚህ ከላይ ያለውን የዶሮ ሽቦ አትንቀይው፣ ቀዳዳው ከ25 ሚሊ ሜትር ካልሰፋና ካልዛገ ይቆይ፤ የተቀደደበትን ግን ለጥፊው። ከዚያ ቆርቆሮው ግድግዳው ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ቀና ብለሽ እይ። ከእያንዳንዱ የቆርቆሮ እጥፋት ሥር ክፍት አለ፤ ብዙ ሰው ደግሞ አየር ይግባ ብሎ ከግድግዳው በላይ መዳፍ የሚያህል ሆን ብሎ ይተዋል። እሱን በዚያው በጠንካራው መረብ ዝጊ። ማንጎ ወይም ዘይቶን ጣሪያው ላይ ያዘነበለ ካለሽ ቅርንጫፉን አስቆርጪ።

የቀረ ቀዳዳ መኖር አለመኖሩን ማወቂያው ቀላል ነው። ሲጨልም የሞባይልሽን መብራት አብርተሽ ቤቱ ውስጥ አስቀምጪ፣ በሩን ዝጊ፣ ውጭ ዙሪያውን ዙሪ። በመረቡ በኩል የሚወጣው መብራት ይታወቃል። ከሱ ውጭ በሩ ጥግ፣ ግድግዳው እግር ሥር፣ ጣሪያው ሥር ደመቅ ብሎ የሚፈነጥቅ ካየሽ እዚያ ላይ በከሰል ምልክት አድርጊ። ጠዋት ምልክቱን እያየሽ ትደፍኛለሽ።

ፈርተሽ ግን ቤቱን ድፍን እንዳታደርጊው። ለዚህም ነው ብሎኬቱን ያልወደድኩልሽ፤ ሰው ብሎኬት ሲሠራ መስኮት ይረሳል። በባሕር ዳር የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ቆርቆሮ ሥር የተዘጋ ዶሮ ትሠቃያለች፣ እንቁላሉም ይቀንሳል። የኩሱ አሞኒያ ሲታፈን ደግሞ ዓይናቸውንና መተንፈሻቸውን ይጎዳል። ጠዋት በሩን ስትከፍቺ ዓይንሽን ከቆጠቆጠሽ እነሱ ሌሊቱን ሙሉ ውስጡ አድረዋል ማለት ነው። ላይኛው ግማሽ በመረብ ክፍት ይሁን። ቆጡን ደግሞ ከመሬት 50 ወይም 60 ሳንቲሜትር አድርጊው፤ ሳሶ ከባድ ናት፣ እንደ ሀበሻ ዶሮ ማንጎ ላይ ዘላ አትወጣም። ከሽቦው ግድግዳ ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ይራቅ። ሽቦው ላይ ተለጥፋ የምታድር ዶሮ ካለች አውሬው ሳይገባም በቀዳዳው በኩል ጭንቅላቷን ሊነክሳት ይችላል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ በሩ ሳይዘጋ ካመሸ ከንቱ ነው። ቀበሮ የሚወደው ሰዓት ሲመሽና ሲነጋ ነው። በሰዓት ሳይሆን በፀሐይ ዝጊ። ኅዳር ላይ ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፣ ሐምሌ ላይ ወደ 1 ሰዓት ይጠጋል፤ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቱን ሳይለውጥ የሚዘጋ ሰው ብዙ ጊዜ ይዘገያል። ቆጥረሽ ዝጊ ደግሞ፣ አንዷ ቁጥቋጦ ውስጥ እንቁላል ላይ ተኝታ ልትቀር ትችላለች። ጠዋትም በደንብ ሳይነጋ አትፍቺያቸው።

ከአጥሩ ጀርባ ያለውን ቁጥቋጦ 3 ሜትር ያህል መንጥሩት። ደንገሉን ተዉት፣ እሱ የሐይቁ ነው፤ አውሬው ግን ከደንገሉ ወጥቶ እስከ ዶሮ ቤቱ ተደብቆ የሚመጣበት ጥላ አይኑረው። በዓል ሲመጣ የዶሮ አንጀትና ላባ ከአጥር ጀርባ መወርወርም ይቅር፣ ቅበሩት። መብራት አብሩ የሚል አለ። የተወሰነ ቀን ይሠራል፣ ከዚያ ይለምደዋል። ጥሩ ውሻ ግን ይረዳል፣ ዶሮ የማይነካ ከሆነ።

መርዝ አደራሽን። ቀበሮው ሳይበላው የጎረቤት ውሻ ይበላዋል፣ የሞተውን ደግሞ ጥንብ አንሳና ጭላት ይበሉትና እነሱም ያልቃሉ። ልጆችም አሉ። ሌላው፣ በጠራራ ፀሐይ ሰው ሳይፈራ ግቢ የሚገባ ቀበሮ ካያችሁ አትጠጉት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ሰው ከነከሰ ወይ ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ እስከ ነገ አይባልም። ውሻችሁንም አስከትቡ።

ሽቦው እስኪገዛ ድረስ የቀሩትን 13 ዶሮዎች ቤቱ ውስጥ አታሳድሪያቸው። 3ቱን የገደለው መንገዱን አውቆታል፣ ተመልሶ ይመጣል። ማድቤት ወይም ዕቃ ቤት ካለሽ ጭድ በትነሽ እዚያ አስገቢያቸው፤ እንቁላል ለጥቂት ቀን ሊቀንሱ ይችላሉ፣ አይግረምሽ። የሞቱት 3ቱ እስካሁን ካልተቀበሩ ለውሻ እንዳይጣሉ፣ ቅበሪያቸው። ከዚያ የቤቱን ዙሪያ በሜትር ለኪና 2 ሜትር ተኩል ጨምረሽ ሽቦ ግዢ፤ ትርፏ ለአራቱ ማዕዘኖች ትሆንሻለች። ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍተት ለብቻው ለክተሽ ጨምሪበት።